ጀምስ ዋትና ያልተቃጠለው ከሰል

ስለ ጀምስ ዋት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው፥ በልጅነቱ የማንቆርቆሪያ ክዳን በእንፋሎት ሲነሣ አይቶ የእንፋሎት መኪናን ፈለሰፈ የሚለው ተረት ነው። እኔ ይህን ተረት አልወደውም። ዋት ከመወለዱ ከ24 ዓመት በፊት፥ በ1712 ዓ.ም.፥ ቶማስ ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ በእንፋሎት መኪና ከማዕድን ጕድጓድ ውኃ ያስወጣ ነበርና። ዋት የደከመው በከንቱ የሚቃጠለውን የድንጋይ ከሰል ለማዳን ነው፤ ይህም ለእኔ ከተረቱ ይበልጥብኛል።

ጀምስ ዋት በ1736 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ፥ ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ጤናው ደካማ፥ እጁ ግን ብልኅ ነበረ። በለንደን አንድ ዓመት ያህል ሙያ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፥ በ1757 ዓ.ም. በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሳይንስ መሣሪያ የሚሠራበት ክፍል ተሰጠው።

በዚያ ሳለ፥ በ1763 ዓ.ም. ለማስተማሪያ የተሠራ የኒውኮመን መኪና ትንሽ አምሳያ እንዲጠግን ታዘዘ። ጠገነውም፤ ነገር ግን ጥቂት እንደ ሠራ እንፋሎቱ እያለቀ ይቆም ነበር። በኒውኮመን መኪና እንፋሎቱ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበታል፤ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ሲመለስ ውስጡ ባዶ ይሆንና የውጭው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ውኃው ግን ሲሊንደሩንም አብሮ ያበርደዋል፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚገባው እንፋሎት አብዛኛው ሥራ ሳይሠራ ብረቱን እንደገና በማጋል ያልቃል። ነገሩ በየእንጀራው መካከል ምጣዷን በቀዝቃዛ ውኃ እያበረደች እንደገና እንደምታግል ጋጋሪ ነው፤ እንጀራው ይጋገራል፥ ማገዶው ግን አይበቃም።

መፍትሔው በ1765 ዓ.ም. እሑድ ቀን በግላስጎው መስክ ሲንሸራሸር ታየው። እንፋሎቱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ በሌላ ቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ ወደ ውኃ ቢለወጥ፥ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ እንደ ጋለ ይቆያል። ሐሳቡ በአንድ ቀን መጣ፤ ሥራው ግን 11 ዓመት ፈጀ። ዋት በመሬት ቀያሽነት ኖረ፤ የመጀመሪያው ሸሪኩ ከሠረ፤ በ1773 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተችበት። በመጨረሻ የበርሚንግሃሙ ባለ ፋብሪካ ማቲው ቦልተን ሸሪክ ሆነው፤ ጆን ዊልክንሰን የሚባል ብረት ሠሪም መድፍ በሚቦረቡርበት ዘዴ እንፋሎት የማያሾልክ ሲሊንደር ሠራላቸው። በ1776 ዓ.ም. መኪናዎቹ ሥራ ጀመሩ።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ክፍያው ነው። ቦልተንና ዋት ከአሮጌው መኪና ጋር ተመዛዝኖ ከተረፈው ከሰል ዋጋ ሲሶውን ይቀበሉ ነበር። በኮርንዎል የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ቢኖርም ከሰሉ ከዌልስ በመርከብ ስለሚመጣ ውድ ነበር፤ ባለ ማዕድኖቹም አዲሱን መኪና ፈለጉት። ማጭበርበር እንዳይኖር የመኪናውን ምልልስ የሚቆጥር፥ በቁልፍ የተዘጋ መሣሪያ ይደረግበት ነበር። ያልተቃጠለ ከሰል እየቆጠሩ መሸጥ!

ዓመታት ሲያልፉ ግን ባለ ማዕድኖቹ አጉረመረሙ፤ እኔም በጥቂቱ እፈርድላቸዋለሁ። ፓርላማው መብቱን እስከ 1800 ዓ.ም. ለዋት ስለ ሰጠው ሌላ ሰው መኪናውን ለማሻሻል ተቸገረ፤ ዋትም ብርቱ ግፊት ያለውን እንፋሎት አደገኛ ነው እያለ ይቃወም ነበር። መብቱ ካበቃ በኋላ፥ ከ1811 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በኮርንዎል እያንዳንዱ መኪና በአንድ ቁና ከሰል ምን ያህል ውኃ እንዳወጣ በየወሩ እየታተመ ይወጣ ጀመር። በዚህም ፉክክር ከዋት መኪና በቁጠባ እጅግ የሚበልጡ ተሠሩ።

ዋት በ1819 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ በበርሚንግሃም አጠገብ ሞተ። በእርጅናው በቤቱ ሰገነት ላይ በምትገኝ ትንሽ ክፍል ተቀምጦ የሐውልትን ቅርጽ የሚገለብጥ መሣሪያ ሲሞክር ነበረ፤ የክፍሏም ዕቃ ተጠብቆ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል።