ሲ ድራይቭን ያወረሰን ጌሪ ኪልዳል

በየቢሮው ኮምፒዩተር የምንጠቀም ሰዎች ፋይሉ የት ነው ያለው ስንባል ሲ ድራይቭ ላይ ብለን እንመልሳለን፡፡ ለምን ከኤ ወይም ከቢ እንዳልጀመረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ ኤ እና ቢ የፍሎፒ ዲስክ ቦታዎች ነበሩ፡፡ ፍሎፒ ከገበያ ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢቆጠሩም ሁለቱ ፊደሎች ባለቤታቸው እንደሄደ ወንበር ባዶ ሆነው ቀርተዋል፡፡ ዲስክን በፊደል የመጥራቱን ልማድ በትናንሾቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ያስለመደው ጌሪ ኪልዳል የሚባል አሜሪካዊ ነው፡፡ ለዛሬ የእሱን ሕይወት ላጫውታችሁ፡፡

እኔ የቢታ ገነት ልጅ ነኝ፡፡ ከፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ አልፎ ነው ያደግሁት፡፡ የኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ ካነበብኳቸው የሕይወት ታሪኮች እንደ ኪልዳል የሚከነክነኝ የለም፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ የኔ አገር ሰው ለዓለም ቡናን ሰጥቷል፤ ትልቁን ገንዘብ የቆጠሩት ግን ሌሎች ናቸው፡፡

ጌሪ ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1942 በሲያትል ከተማ ተወለደ፡፡ ቤተሰቡ መርከበኞችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበረው፡፡ እሱ ግን ልቡ ያዘነበለው ወደ ሒሳብ ነበር፤ ሐሳቡም የሒሳብ መምህር መሆን ነው፡፡ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከኮምፒዩተር ጋር ሲተዋወቅ የሕይወቱ አቅጣጫ ተቀየረ፡፡ ለውትድርና ሲጠራም ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በሚገኘው የባህር ኃይል የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ተመደበ፡፡ በ1972 ከዚያው ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፡፡

እዚህ ላይ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፡፡ ትልቅ ድግስ ላይ አጋፋሪ ከሌለ ምን እንደሚሆን አስቡት፡፡ እንግዳው ማዕዱን ይሻማል፣ ወጥ ቤቱ ማንን እንደሚሰማ ይጠፋዋል፣ ተቀምጦ የሚበላው አንድ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ሃያ ይሆናል፡፡ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒዩተር አጋፋሪ ነው፡፡ ፕሮግራሞችን ተራ ያስይዛል፣ ሜሞሪውን ያከፋፍላል፣ ዲስኩን፣ ኪቦርዱንና ፕሪንተሩን ያስተናግዳል፡፡

የቀድሞዎቹ ትላልቅ ኮምፒዩተሮች ሥራን የሚቀበሉት በጥቅል ነበር፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም፡፡ ጄኔራል ሞተርስ በ1956 ለአይቢኤም 704 ያዘጋጀው ከእነዚህ ቀዳሚዎች አንዱ ነው፡፡ በ1961 ኤምአይቲ አንድን ማሽን ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተከፋፍለው የሚጠቀሙበትን ዓይነት አሳየ፡፡ በ1969 ደግሞ በቤል ላብስ ዩኒክስ ተወለደ፡፡ በተቆረጠች ቅጽበት ውስጥ መልስ መስጠት ያለባቸው፣ ለአውሮፕላንና ለሕክምና መሣሪያዎች የሚያገለግሉት ደግሞ ሌላ ምድብ ናቸው፡፡ ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያዝባት ኮምፒዩተር ገና አልነበረችም፡፡

ኪልዳል የገባው በዚህ ክፍተት ነው፡፡ ኢንቴል በ1971 የመጀመሪያውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ ሲያቀርብ ብዙዎች የትራፊክ መብራትና የካልኩሌተር ዕቃ አድርገው ነበር ያዩት፡፡ እሱ ግን ሙሉ ኮምፒዩተር ታየው፡፡ ለኢንቴል አማካሪ ሆኖ ፒኤልኤም የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ፡፡ ቀጥሎም በ1974 ፍሎፒ ዲስክን ከማይክሮፕሮሰሰር ጋር የሚያገናኘውን ሲፒኤም የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አጠናቀቀ፡፡ ኢንቴል ቋንቋውን ወሰደ፤ ሲፒኤምን ግን አልፈለገውም፡፡ ኪልዳልና ባለቤቱ ዶሮቲ በኋላ ዲጂታል ሪሰርች ተብሎ የታወቀውን ኩባንያ አቋቁመው ፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ ውስጥ ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ፡፡

የኪልዳል ትልቁ ሥራ በኔ እምነት ከዚህ በኋላ የመጣው ነው፡፡ በዚያን ጊዜ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ማሽን የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው አይሆንም ነበር፡፡ ኪልዳል ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ለብቻው ነጥሎ ባዮስ አለው፡፡ አዲስ ኮምፒዩተር ሲመጣ የሚቀየረው ይህቺ ትንሽ ክፍል ብቻ ሆነች፡፡ የሶፍትዌር ንግድ ራሱን ችሎ መቆም የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

የዚህን ትርጉም የኛ ሰው በደንብ ያውቀዋል፡፡ በ1990ዎቹ አማርኛ የሚጽፉልን ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል ቁጥር ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር፡፡ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፡፡ በ2007 ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ መጣ፡፡ መገላገል የጀመርነው ያኔ ነው፡፡

ወደ ታሪካችን እንመለስ፡፡ በ1980 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ለመሥራት በጥድፊያ ላይ ሳለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍለጋ ወደ ማይክሮሶፍት ሄደ፡፡ ቢል ጌትስ ወደ ኪልዳል መራቸው፡፡ እንግዶቹ ፓሲፊክ ግሮቭ ሲደርሱ ኪልዳል አውሮፕላኑን እያበረረ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄዶ ነበር፡፡ ዶሮቲም የቀረበላትን የምስጢር ጥበቃ ውል ለመፈረም አመነታች፡፡ ኪልዳል ዕድሉን ለሽርሽር ሲበር አጣው እየተባለ የሚወራው ከዚህ የተነሳ ነው፡፡ እሱ ግን የሄደው ለሥራ እንደነበረ፣ ከሰዓትም ተመልሶ እንዳነጋገራቸው ተናግሯል፡፡ ያም ሆነ ይህ ስምምነት ሳይደረስ ቀረ፡፡

ማይክሮሶፍት ሲያትል ውስጥ ካለ አንድ አነስተኛ ኩባንያ ቲም ፓተርሰን የጻፈውን፣ አሠራሩ ከሲፒኤም ጋር እንዲመሳሰል የተደረገ ሲስተም በመጀመሪያ በፈቃድ፣ በጁላይ 1981 ደግሞ ሙሉ መብቱን በ50 ሺህ ዶላር ገዛ፡፡ ዶስ የምንለው ይኸው ነው፡፡ ለሌሎች አምራቾች የመሸጥ መብቱንም ለራሱ አስቀረ፡፡ ኪልዳል ሥራዬን ወሰዱ ብሎ ሲቆጣ አይቢኤም ሲፒኤምንም ጎን ለጎን ለመሸጥ ተስማማ፡፡ ኪልዳልም የሶፍትዌር መብት ሕግ ገና ያልጠራ በመሆኑ ወደ ፍርድ ቤት አልሄደም፡፡ ኮምፒዩተሩ ገበያ ላይ ሲውል ግን የዶስ ዋጋ 40 ዶላር፣ የሲፒኤም 240 ዶላር ሆነ፡፡ ገዢው የቱን እንደመረጠ መገመት አያዳግትም፡፡

ኪልዳል ድሃ ሆኖ አልሞተም፤ እጁንም አጣጥፎ አልተቀመጠም፡፡ ኮምፒዩተር ክሮኒክልስ በተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም አስተናጋጅነት ሕዝቡን አስተማረ፡፡ ኢንሳይክሎፒዲያን በሲዲ ካወጡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ፡፡ ኩባንያውን በ1991 ለኖቬል ሸጠ፡፡ በየደረሰበት ያ የአውሮፕላን ወሬ መከተሉ ግን ክፉኛ እንዳስመረረው የሚያውቁት ይናገራሉ፡፡ በጁላይ 1994 ሞንተሬይ ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከሦስት ቀን በኋላ በ52 ዓመቱ አረፈ፡፡ በ2014 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ኩባንያው በነበረበት ሥፍራ የመታሰቢያ ሰሌዳ አኑሮለታል፡፡

ዛሬ በየኪሳችን ያለው አንድሮይድ በ1991 ከተወለደው ሊኑክስ የመነጨ ሲሆን ዘሩ የሚቆጠረው ከዩኒክስ ነው፤ ከሲፒኤም አይደለም፡፡ አንድ ሶፍትዌር በልዩ ልዩ ፋብሪካ ማሽኖች ላይ እንዲሠራ የማድረጉ ሐሳብ ግን ኪልዳል በትናንሾቹ ማሽኖች ላይ በተግባር ያሳየው ነው፡፡

ከዚህ ምን እንማራለን? ቀድሞ መገኘት አንድ ነገር ነው፣ በስም አስመዝግቦና ተዋውሎ መያዝ ሌላ ነገር ነው፡፡ ኢትዮጵያ ከ2005 ጀምሮ በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የታገለችው ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን ነበር፤ ከስታርባክስ ጋርም በ2007 ተስማማች፡፡ ከሦስቱ መካከል ከፋ አልነበረም፡፡ ዛሬ በየቤታቸው ኮድ የሚጽፉ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው፡፡ ጥሩ ሥራ መሥራታቸውን አልጠራጠርም፤ ዋጋ ከመቁረጣቸውና ውል ከመፈረማቸው በፊት ግን የኪልዳልን ታሪክ ቢያነቡት እመክራለሁ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡