ከጎንደር ገጠር ወጥተው ኢየሩሳሌም የቀሩት ታምራት አማኑኤል

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ ወለቃን ታልፋላችሁ። መንገድ ዳር ተደርድረው የሚሸጡትን የሸክላ ምስሎች ፎቶ ያነሳችሁም አትጠፉም። እዚያው መንደር ውስጥ አናቱ ላይ የዳዊት ኮከብ የተተከለበት አንድ ትንሽ ቤት አለ። ቤተ እስራኤሎች ሲጸልዩበት የኖሩት ነው፤ እነሱ መስጊድ ይሉታል። አትደናገሩ፣ ቃሉ የሁሉም ነው፣ «ሰገደ» ከሚለው የመጣ።

ዛሬ የምናወራው ከእንዲህ ዓይነቱ ማኅበረሰብ ስለወጡት ስለ ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለዱት በ1888 ነው፣ የጎንደር አካባቢ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አስመራ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ይማሩ ነበር። በ1905 ግን ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ምሁር አገኛቸውና ከሌላ ወጣት ጋር ፓሪስ ወሰዳቸው። ያኔ 17 ዓመት ቢሆናቸው ነው።

ከፓሪስ ወደ ጣሊያን ተሻግረው ፍሎረንስ ውስጥ የራቢዎች ትምህርት ቤት ገቡ። የፍሎረንስ ምኩራብ በ1882 የተሠራ፣ አረንጓዴ ጉልላት ያለው ትልቅ ሕንጻ ነው። እስኪ አስቡት፦ በጎንደር ገጠር ቄሶቹ በግዕዝ የሚጸልዩበት የጭቃ ቤት፣ እዚህ ደግሞ በዕብራይስጥ የሚጸለይበት ይህ ሁሉ ግንባታ። ሁለቱም ኦሪትን የሚያነቡ የአንድ እምነት ሰዎች ናቸው፣ ግን ለዘመናት ሳይተዋወቁ ኖረዋል።

በ1920 አገራቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶም አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ኃላፊው እሳቸው ሆኑ። ለምን ጎንደር አልሆነም ብላችሁ ብትጠይቁ አንፈርድባችሁም። ያኔ ከጎንደር አዲስ አበባ የሳምንታት መንገድ ነው። ፋይትሎቪች በተለያየ ጊዜ ወደ 25 የሚሆኑ ወጣቶችን ውጭ ወስዷል፣ አንዳንዶቹ በሰው አገር ታመው ሞተዋል። ገንዘቡም የሚለመነው ከሩቅ ነበር፤ ኒውዮርክ ላይ ለዚሁ የተቋቋመ የአሜሪካ አይሁዶች ኮሚቴ ነበር፣ ታምራትም በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ድረስ ሄደዋል። ከፋይትሎቪች ጋር የነበራቸው ግንኙነት ግን እያደር ሻከረ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይታደን ነበር፤ ታምራትም ወደ ግብፅ ተሰደዱ። ጠላት ሲወጣ ተመልሰው በትምህርት ሥራ ላይ ሠሩ፣ ኋላም ፓሪስ በኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህል አታሼ ሆኑ። በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ኖረው በ1963 እዚያው አረፉ።

እኛን ግን ከሹመቱ ይልቅ የያዘን አንድ ማስታወሻቸው ነው። ቤተ እስራኤል መነኮሳት ነበሯቸው። በሌላው ዓለም ያሉ አይሁዶች ይህን ሲሰሙ ግራ ይገባቸዋል፣ በእነሱ ዘንድ ምንኩስና የለምና። የቤተ እስራኤል ትውፊት ሥርዓቱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከኖሩት ከአባ ሳብራ ይጀምራል። ፋይትሎቪች ማኅበረሰቡ እንደ ሌላው አይሁድ እንዲሆን ስለሚፈልግ ይህን ምንኩስና አልወደደውም። አውሮፓ ያስተማራቸው ታምራት ግን የመነኮሳቱንና የተቀደሱ ቦታዎችን ነገር ቁጭ ብለው ጻፉ። በእኛ እይታ ከትምህርት ቤቱ የማይተናነስ ሥራ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በጦርነት ሲዘጋ ወረቀቱ ተርፏል።

ያንን ማስታወሻ አሜሪካ ያስተምር የነበረው የአማርኛ ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በ1974 አሳተመው፤ ታምራት ካረፉ 11 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ 10 ዓመት ሳይሞላ የጎንደር ቤተ እስራኤሎች በሱዳን በኩል በሌሊት ይወጡ ጀመር። በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ወለቃ ላይ የቀሩት ሸክላው፣ ሻጮቹና ያ ትንሽ ቤት ናቸው።