ሚናሔም ቤጊን፦ ስምንት ጊዜ ተሸንፈው በዘጠነኛው ያሸነፉት መሪ

የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ 120 መቀመጫዎች አሉት፤ አብላጫው 61 ነው። አገሪቱ ከተመሠረተች ወዲህ ይህን ቁጥር በምርጫ ለብቻው ያገኘ ፓርቲ የለም። ከዚህ ስሌት ጋር እጅግ ረጅም ትግል ካደረጉት መሪዎች አንዱ ስድስተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚናሔም ቤጊን ናቸው።

ቤጊን እ.ኤ.አ. በ1913 ዛሬ በቤላሩስ በምትገኘው የብሬስት ከተማ ተወለዱ። በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። በ1940 በሶቪዬት ባለሥልጣናት ታሰሩ፤ ወላጆቻቸውና ወንድማቸው ደግሞ በናዚዎች እጅ አለቁ። በ1942 ከፖላንድ ጦር ጋር ወደ ምድረ እስራኤል ገቡ፤ በቀጣዩም ዓመት ማብቂያ የኢርጉን አዛዥ ሆነው ብሪታንያን ተዋጉ። በ1946 ድርጅቱ በኪንግ ዴቪድ ሆቴል ላይ የጣለው ፍንዳታ 91 ሰዎችን ገድሏል፤ ያ ቀን እስከ መጨረሻው በስማቸው ላይ ጥላ እንዳጠላ ቀረ።

በ1948 የሔሩት ፓርቲን መሠረቱ። በመጀመሪያው ምርጫ 14 መቀመጫ፣ በ1951 ደግሞ 8 ብቻ አገኙ። ተስፋቸው የተሟጠጠ መሰለ። ዳዊት ቤንጉሪዮን ከሔሩትና ከኮሚኒስቶች ጋር መንግሥት እንደማይመሠርቱ ቆርጠው ነበርና፣ መቀመጫ መጨመር ብቻውን በር እንደማይከፍት ቤጊን ተረዱ። ስለዚህ አጋር ፈለጉ። በ1965 ከሊበራሎች ጋር ተጣምረው 26 መቀመጫ አገኙ፤ በ1967 በብሔራዊ አንድነት መንግሥት ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1973 በሊኩድ ጥላ ሥር 39 ደረሱ። በዚያው መጠን ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ፣ በዳር ከተሞች የተረሱ አይሁዳውያን ልብ ወደ እርሳቸው አዘነበለ።

ሜይ 17 ቀን 1977 ሊኩድ 43፣ የሠራተኞች ፓርቲ ጥምረት 32 መቀመጫ አገኙ። ለ29 ዓመታት ያልተቋረጠው የግራ ክንፍ አገዛዝ በአንድ ሌሊት አበቃ። ይሁን እንጂ 43 ማለት 61 አይደለም። ቤጊን ሃይማኖታዊ ፓርቲዎችን አስተባብረው በጁን 20 መንግሥታቸውን አቆሙ።

በዚያው ዓመት የስለላው ድርጅት ሞሳድ የኢትዮጵያ አይሁዳውያንን እንዲያመጣ አዘዙ። በሱዳን ምድር በምሥጢር የተጀመረው ጉዞ መነሻው ይህ ውሳኔ ነው፤ ብዙ የማኅበረሰባችን ቤተሰቦች ስማቸውን በምስጋና የሚያነሡትም ስለዚህ ነው።

የአብላጫ ድምፅ ትልቁ ፈተና የመጣው በ1978 ነው። ከግብፅ ጋር የተደረሰው የካምፕ ዴቪድ ስምምነት ለክኔሴት ሲቀርብ 84 ደገፉት፣ 19 ተቃወሙት፣ 17 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ከገዛ ወገናቸው ብዙዎች ጀርባ ሲሰጡ፣ በምርጫ ያሸነፏቸው ተቃዋሚዎች ግን ሰላሙን ደገፉ። ቤጊን በዚያው ዓመት ከአንዋር ሳዳት ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

በ1981 ሊኩድ 48 ለ47 በሆነ ጠባብ ልዩነት ዳግም ቀደመ። በ1982 የተጀመረው የሊባኖስ ጦርነት ግን አገሩን ከፋፈለ፤ የወታደሮች ሞት አስጨነቃቸው፤ በዚያው ዓመት ባለቤታቸው አሊዛ አረፉ። በ1983 ሥልጣናቸውን ለቀው ከሕዝብ ዓይን ራቁ። በማርች 1992 ሲያርፉ እንደ ምኞታቸው በደብረ ዘይት ተራራ ተቀበሩ።

በምርጫ 61 መቀመጫ ለብቻቸው አግኝተው አያውቁም። ታላላቅ ውሳኔዎቻቸው ሁሉ የጸኑት ከሌሎች ጋር በተቆጠረ ድምፅ ነበር።