ኤልውድ ኬሳዳና የአየር ላይ ግጭት መከላከል

ጄኔራል ኤልውድ ኬሳዳ እ.ኤ.አ. በ1904 በዋሽንግተን ተወለዱ፤ በ1944 በኖርማንዲ ተዋጊ አውሮፕላኖችን በራዳር አስመሩ። በ1956 በግራንድ ካንየን ሰማይ ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 128 ሰዎች ሲሞቱ፣ አብራሪዎች በዓይን እያዩ ይተላለፉ የሚለው አሠራር በቂ አለመሆኑ ታወቀ። በ1958 የተቋቋመው የፌዴራል አቪዬሽን ኤጀንሲ የመጀመሪያ ኃላፊም ኬሳዳ ሆኑ። በአውሮፕላን ላይ የሚገጠም አስተማማኝ የግጭት መከላከያ ገና ስላልነበረ፣ ሸክሙ በምድር ራዳርና በበረራ ተቆጣጣሪዎች ላይ ወደቀ፤ ምርጫው ተገቢ ቢሆንም ምሉዕ አልነበረም። ዲሴምበር 16 ቀን 1960 በኒውዮርክ ሰማይ በደረሰ ግጭት 134 ሰዎች አለቁ። ከተመደበለት የመጠበቂያ ሥፍራ አልፎ የሄደው ጄት ከሁለቱ የአቅጣጫ ምልክት መቀበያዎቹ አንዱ ተበላሽቶ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹ ግን ይህን አላወቁም። ኬሳዳ በቀጣዩ ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ እንዲህ ያለውን ብልሽት ለተቆጣጣሪ ማሳወቅ ግዴታ የሆነውም ከአደጋው በኋላ ነው። በ1993 አረፉ።