የብስክሌቱ ጀግና ፋውስቶ ኮፒ እና የወባ ትንኝ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የጣሊያናዊውን ብስክሌተኛ የፋውስቶ ኮፒን የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

ከኮፒ ጋር ያስተዋወቀኝ አጎቴ ነው። አጎቴ እዚሁ ገላን ብስክሌት ይጠግናል። ቱር ደ ፍራንስ ሲደርስ ግን ሥራውን ቶሎ ዘግቶ ስልኩ ላይ ውድድሩን ያያል፤ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቱር ደ ፍራንስ እንደ ማራቶን በአንድ ቀን አያልቅም። በሦስት ሳምንት ውስጥ 21 ቀን ይጋልባሉ። የየቀኑ ሰዓት ይደመርና በጠቅላላው ትንሽ ሰዓት የወሰደው ያሸንፋል። ዛሬ የመራው ነገ ተራራ ላይ ሊቀር ስለሚችል መከታተሉ ልብ ይሰቅላል።

ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በሦስተኛው ቀን ውድድር ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ቱሪን ከተማ ላይ አንደኛ ወጣ። በቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። እኔና አጎቴ ስንጮህ ጎረቤት ሁሉ ደነገጠ! የዚያን ዕለት ተወዳዳሪዎቹ ቶርቶና በምትባል ከተማ አልፈው ነበር። እዚያ ያለው አቀበት በኮፒ ስም ተጠርቷል። ኮፒ ማን እንደሆነ አጎቴን ስጠይቀው ታሪኩን ነገረኝ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮፒ በ1919 ካስቴላኒያ በምትባል ትንሽ የሰሜን ጣሊያን መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ ሥጋ ቤት ተቀጠረ፤ ሥራውም ሥጋ በብስክሌት ለደንበኞች ማድረስ ነበር። የመርከብ ካፒቴን የነበረው አጎቱ ለብስክሌት መግዣ ገንዘብ ሰጠው፤ አባቱም ጨመረለት። እዚህ ላይ ሲደርስ አጎቴ ፈገግ አለ።

በ1940 ገና በ20 ዓመቱ ትልቁን የጣሊያን ውድድር ጂሮ ዲታሊያን አሸነፈ። የገባው እኮ የቡድኑን መሪ ጂኖ ባርታሊን ለማገዝ ነበር! ባርታሊ ወድቆ ሲጎዳ ግን ኮፒ ወደ ፊት ወጣ። ወዲያው ጣሊያን ጦርነት ገባች። ኮፒም ወታደር ሆነና በ1943 ቱኒዚያ ውስጥ በእንግሊዞች ተማረከ።

ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ በረታ። በ1949 ጂሮ ላይ በአንድ ቀን አምስት ተራሮችን አቋርጦ 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ጋለበ። ይህ ከገላን ተነስቶ አዋሽ አካባቢ እንደ መድረስ ነው! ሁለተኛ የወጣው ባርታሊ ወደ 12 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ገባ። በዚያው ዓመት ቱር ደ ፍራንስንም ስላሸነፈ፣ ሁለቱን በአንድ ዓመት ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1951 ወንድሙ ሰርሴ በውድድር ላይ ወድቆ ሞተበት። ኮፒ በጣም አዘነ፤ ግን አላቆመም። በ1952 ጂሮንና ቱርን እንደገና በአንድ ዓመት አሸነፈ። በጠቅላላው ጂሮን 5 ጊዜ፣ ቱርን 2 ጊዜ አሸንፏል።

በ1959 መጨረሻ ከጓደኞቹ ጋር ለውድድርና ለአደን ዛሬ ቡርኪና ፋሶ ወደምትባለው አገር መጣ። አገሩ ሲመለስ ትኩሳት ያዘው። ሐኪሞቹ ወባ መሆኑን አላወቁም። አብሮት የነበረው ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ ዤሚኒያኒም ታሞ ነበር፤ እሱ ግን ወባ መሆኑ ታውቆ መድኃኒት ስለተሰጠው ዳነ። ኮፒ ጥር 2 ቀን 1960 ቶርቶና ውስጥ በ40 ዓመቱ አረፈ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ባለፈው ጥቅምት አጎቴ ለሥራ ቆላ ሄዶ ሲመለስ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ብርድ ነው ብሎ ተሸፋፍኖ ተኛ። እኔ ኮፒ ትዝ አለኝና ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም እያለቀሰች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ደሙ ሲመረመር ወባ ነበር! መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። አሁን ጎማ እየለጠፈ ቀጣዩን ቱር ደ ፍራንስ ይጠብቃል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ያን ሁሉ ተራራ ያሸነፈውን ሰው የገደለችው አንዲት ትንኝ ናት። ከቆላ መጥቶ ትኩሳት የያዘው ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ ደሙን አስመርምሩ።