ኤድዋርድ ሩፔልና የስሜን አፈር

ዋልያና የስሜን ቀይ ቀበሮ በሳይንስ መዝገብ የገቡት በኤድዋርድ ሩፔል እጅ መሆኑን ከመካከላችን የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ያውቁታል። እኛ ግን ይህን ሰው የምናነሣው ስለ አራዊቱ ሳይሆን ስለ አፈሩ ነው።

ሩፔል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1794 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) በፍራንክፈርት ከባለጸጋ ቤት ተወለደ። ለንግድ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በ1817 ግብፅን ካየ በኋላ ልቡ ወደ ትምህርት ዞረ። ከ1822 እስከ 1827 በግብፅ፣ በኑቢያና በኮርዶፋን ሲዘዋወር ናይል የሚያወርደውን ጭቃ በዓይኑ አየ። በ1831 በምጽዋ በኩል አገራችን ገባ፤ በ1832 ተከዜን ተሻግሮ ስሜን ወጣ። ባሮሜትር ይዞ ከፍታ ይለካ፣ አራዊትና ድንጋይ ይሰበስብ ነበር። ከዚያም ወደ ጎንደር ወረደ።

ዛሬ ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ ተማሪ በሊማሊሞ አፋፍ ቆሞ ቢመለከት፣ ጥቁሩ ድንጋይ እንደ እንጀራ ተነባብሮ ያየዋል። ይህ ሁሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት በታች ካለው የጋለ ድንጋይ፣ ቀልጦ የወጣ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ማሳውን እየጠረገ ወደ ዛሪማ ይሰደዋል፤ ዛሪማ ለተከዜ፣ ተከዜ ለአትባራ፣ አትባራም ለናይል ያስረክባል። እንግዲህ ሩፔል ግብፅ ላይ የረገጠው ጭቃ በከፊል የስሜን አፈር ነበር። ሳያስበው የመንገዱን ሁለት ጫፍ አየ ማለት ነው።

ሦስተኛውን ጫፍ ግን አላየም። የምሥራቅ ሜዲትራንያን ወለል በዓመት ጥቂት ሳንቲ ሜትር እየተጓዘ ከቀርጤስና ከኢጂያን ደሴቶች ሥር ይሰጥማል። ከላዩ የተኛው ደለል የሚበዛው ተፍቆ እዚያው ባሕር ውስጥ ይከመራል፤ ቀሪው ከወለሉ ጋር ወደ ማንትል ይወርዳል። እዚያም ሲግል ውሃና ቅላጭ ይሰጣል፤ ይህም በግሪክ እሳተ ገሞራዎች በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሊቃውንት የእነዚያን ደሴቶች ላቫ በኢሶቶፕ ሲመረምሩ የናይል ደለል አሻራ አግኝተውበታል። ከማንትል የወጣው ስሜን በጭቃ መልክ ወደ ማንትል ይመለሳል።

ሩፔል ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ምድር በሚንቀሳቀሱ ሰሌዳዎች የተከፈለች መሆኗ የጸናው በ1884 ከሞተ ከ80 ዓመት በኋላ ነው። የጉዞ መጽሐፉን በሁለት ቅጽ ከ1838 እስከ 1840 አሳተመ፤ በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። የሰበሰባቸው አራዊትም፣ ከጎንደር የወሰዳቸው ብራናዎችም ያሉት ፍራንክፈርት ነው። (ስለ ብራናዎቹ የምንለው ብዙ ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

አፈሩ ግን እንደ ቀድሞው አይጓዝም። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ባሕር ሳይደርስ ከግድቡ ጀርባ ይተኛል። አሁን ከቀርጤስ ሥር የሚሰጥመው ሩፔል ሳይወለድ እጅግ ብዙ ዘመን ቀድሞ የወረደው ነው።