ጆን ጆሊ

ጆን ጆሊ (1857–1933 እ.ኤ.አ.) አይርላንዳዊ የሥነ ምድርና የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ጨረር በማዕድን ውስጥ የሚተወውን ምልክት ምንነት በማስረዳቱ ይታወቃል።

በኦፋሊ አውራጃ ተወለደ። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ከ1897 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያው የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ሆኖ አገልግሏል። መሣሪያ መሥራት ይወድ ነበር። ሜልዶሜትር የተባለው መሣሪያው የማዕድናትን መቅለጫ ሙቀት ይለካል፦ ቅንጣቷ በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን የፕላቲነም ጥብጣብ ላይ ትቀመጣለች፤ የሙቀቱ መጠን የሚታወቀው ጥብጣቡ በረዘመበት ልክ ነው። በ1894 ደግሞ የቀለም ፎቶግራፍ ዘዴ አውጥቷል።

በጥቁር ሚካ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ክብ ጥላዎች አሉ። ከመሃል እስከ ጠርዝ 0.04 ሚሊሜትር ያህል ቢደርሱ ነው። የሥነ ምድር ሰዎች ለረጅም ጊዜ ቢያዩዋቸውም ምክንያታቸውን አያውቁም ነበር። ጆሊ በ1907 መልሱን አገኘ። በክቡ መሃል ያለችው እንደ ዚርኮን ያለች ቅንጣት ዩራኒየም ወይም ቶሪየም ትይዛለች፤ ከእርሷ የሚወጡት የአልፋ ቅንጣቶች ሚካውን እየጎዱ ያጠቁሩታል። በአየር ውስጥ 7 ሴንቲሜትር ገደማ የሚጓዝ አልፋ በሚካ ውስጥ የሚቆመው ልክ በጥላው ጠርዝ ላይ ነው።

ጥላው ከጠቆረ ዘመኑም ረዝሟል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ጆሊና ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1913 የዴቮኒያን ዘመን መጀመሪያ ከ400 ሚሊዮን ዓመት እንደማያንስ ገመቱ፤ ዛሬ የሚታወቀው 419 ሚሊዮን ገደማ ነው። ችግሩ ጆሊ ራሱ በ1899 ከባሕር ጨው ተነሥቶ የውቅያኖስን ዕድሜ ከ100 ሚሊዮን ዓመት እንደማይበልጥ ማስላቱ ነበር። የጨው ስሌቱን መተው ከበደው። በ1920ዎቹ የጥላዎቹ ስፋት እንደ ዓለቱ ዕድሜ ይለያያል ብሎ፣ ዩራኒየም ድሮ ፈጥኖ ይፈርስ ነበር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም።

ማዕድን የተጎዳበትን ምልክት ለዘላለም አይዝም፤ ሙቀት ያደበዝዘዋል። ዩራኒየም ለሁለት ሲሰነጠቅ በአፓታይት ውስጥ የሚቀረጹት ጭረቶች ለሚሊዮኖች ዓመታት ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከቆዩ ይጠፋሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚነግረን ዓለቱ የቀዘቀዘበትን እንጂ የተፈጠረበትን ጊዜ አይደለም። ዛሬ የራዶን ጋዝን ለመለካት የሚያገለግለው ሲ አር-39 የተባለ ፕላስቲክም የአልፋን ጭረት ይይዛል፤ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲታጠብ ጭረቱ ሰፍቶ ይታያል፤ ከፍተኛ ሙቀት ግን ይህንንም ያጠፋዋል።

ጆሊ በ1914 በደብሊን የራዲየም ተቋም እንዲመሠረት አድርጓል። ከሐኪሙ ዋልተር ስቲቨንሰን ጋር የራዶን ጋዝ የያዙ መርፌዎችን ዕጢ ውስጥ በማስገባት ካንሰርን የማከም ዘዴም አዘጋጅቷል። በማርስ ላይ የሚገኝ አንድ ክሬተር በስሙ ተሰይሟል።